ጠርዙን አይንኩት

ስድቡ በአንቱታ ነበር። «እባክሽ እጃቸውን ከመኪናዬ ላይ ያንሱልኝ» አለ የልጃቸው ባል፣ ከግድግዳው ወዲያ ጫማውን እያሰረ። «ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይተኙ። ብቻ ምንም አይንኩብኝ።» ሽማግሌው አናጢ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንዱን ካልሲ አጥልቀው ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሳቸው ጆሮ ግን ያን ቀን ጠዋት የሥጋ ዘመድ ሆኖ እያንዳንዷን ቃል እያመጣ አስረከባቸው። ልጃቸው የምትመልሰው አይሰማም ነበር፤ እሷ ከልጅነቷም ስትጨነቅ ድምፅዋ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። የሱ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል። መኪናዋን ነገ የሆቴሉ ሰዎች እንደሚያዩዋት፣ ከወደዷት ለእንግዶቻቸው ማመላለሻ እንደሚኮናተሯት፣ ካልወደዷት ግን እሱ የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ ሲነዳ እንደሚሞት ተናገረ። ከዚያ «ነገ ካልሆነልኝ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ እህትሽ ጋ ይሂዱ። እኔም ሰው ነኝ» አለ። እህትየዋ ሌላ ከተማ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከልጆቿና ከባሏ እናት ጋር ነው የምትኖረው። እዚያ ለሽማግሌ አልጋ ቀርቶ ለሽማግሌ ባርኔጣ መስቀያ ቦታ የለም።

ግድግዳው የራሳቸው የእጅ ሥራ ነው። ሚስታቸው ሞታ የኪራይ ቤታቸውን ለቀው እዚህ ሲገቡ፣ ከባልና ሚስቱ መኝታ ቤት ላይ ተከፍሎ ነው ይህች ክፍል የተሠራችላቸው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና የመሣሪያ ሳጥናቸው ከገባ በኋላ በሩ ሲከፈት ወንበሩን ይገፋል። ያኔ አናጢው «ሁለት ቺፕውድ እናድርግና መሀሉን ስፖንጅ እንሙላው፣ ድምፅ ያፍናል» ብለው ነበር። አማቻቸው «ኧረ አባባ፣ አንዱ ይበቃል፤ ከማን ነው የምንደባበቀው?» አለ። ነገሩ ከደግነት ይሁን ከቺፕውድ ዋጋ እስካሁን አልለየላቸውም። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሳል ሲመጣባቸው ትራሳቸውን ይነክሳሉ። ከወዲያ ያሉት ግን ድምፃቸውን ቀንሰው አያውቁም። ሰው ድምፁን የሚቀንሰው ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሰው አለ ብሎ ሲያስብ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከቺፕውዱ ማዶ አንድ አልጋና አንድ የመሣሪያ ሳጥን ብቻ ያለ ነው የሚመስላቸው።

ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ እሱን አልካዱም። ባለፈው እሑድ ሁሉም ሲወጡ፣ እጃቸው ሥራ ፈትቶ ጭን ላይ መቀመጥ ስላልለመደ፣ መኪናዋን ልጠብለት ብለው ተነሡ። በሳሙና ብቻ አጥበው ቢተዉ ኖሮ ምስጋና ነበር የሚቀበሉት። ግን ኮፈኑ ላይ የወፍ ኩስ ደርቆ ነበርና፣ ከወጥ ቤት የዕቃ ማጠቢያውን ስፖንጅ አምጥተው በአረንጓዴው በሻካራው ጀርባ አሹት። ኩሱ ሲለቅ ደስ አላቸውና ኮፈኑን በሙሉ፣ ከፊት ጎማው በላይ ያለውን የግራውን ፓራፋንጎ በሙሉ እንደዚያው አሹት። እርጥብ ሳለች መኪናዋ ቆንጆ ነበረች። ስትደርቅና ፀሐይ ሲያርፍባት ጥቁሩ ቀለም ላይ ክብ ክብ ጭረት ወጣ፣ በድንጋይ የፈተጉት ድስት ይመስል። አማቻቸው መጥቶ አየ። «ምንም አይደለም አባባ» አለ። ገባ፣ ምሳ አልበላም፣ ሳምንቱን ሙሉም ምንም አላለም። ቢጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

አማችየው ሲወጣ የበሩን ድምፅ ሰሙ። ልጃቸው በአንድ እግሯ ወንበሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች፤ ዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፣ የሥራ ልብሷን ለብሳለች። «አባዬ፣ ሻዩ ፔርሙስ ውስጥ ነው። ዳቦም አለ።»

«እሺ ልጄ።»

«ደህና ነህ?»

«ምን እሆናለሁ።»

ዓይናቸውን ሳይሆን በእጃቸው የያዙትን ካልሲ አየች። መስማታቸውን አወቀች፤ እሳቸውም ማወቋን አወቁ። እንደዚህ ተዋውቀው፣ እሷ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።

ሽማግሌው ሻዩን ሳይጠጡ ግቢ ወጡ። መኪናዋ ግንቡ ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራውን እስከ ወገቧ ገለጡና ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳበሱት። ጭረቱ ለዓይን እንጂ ለእጅ የለም። ይህ ተስፋ ሰጣቸው። እጅ የማያገኘው ጭረት ጥልቅ አይደለም፤ ይህን ከእንጨት ተምረዋል። ስንት የተጫረ ጠረጴዛ፣ ስንት ውሃ የጠጣ ቁም ሳጥን በዚህ እጅ አልፎ እንደ አዲስ ተሸጧል። ጭረት ከመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ መንገዱን ማወቅ ነው። ኪሳቸውን ዳብሰው መታወቂያቸውንና ያለቻቸውን ጥቂት ገንዘብ ያዙና፣ መጀመሪያ ወደሚያውቁት ሰው ሄዱ።

የሚያውቁት ሰው መንገዱ ማዶ ያለው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ቀቢ ነው። ሰፈሩ ሁሉ መስታወት ይለዋል። አንዳንዱ ስሙን ያገኘው ከሚወለውላቸው መኪናዎች ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከራሰ በራነቱ ነው ይላል፤ እሱ ሁለቱንም አይክድም። አንዲት ነጭ መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ አገኙት። ጉዳያቸውን ነገሩት።

«ዛሬ?» አለ ቀና ሳይል። «አባባ፣ ዛሬ ቢሉኝ ለገዛ መኪናዬም አልደርስላትም። ያውም መኪና የለኝም።» ከጀርባው ተራ የሚጠብቁትን መኪናዎች በአገጩ አሳያቸው። «ደግሞ እሱን አማችዎን እፈራዋለሁ። አንዴ እዚች መኪናው ላይ በክርኔ ደገፍ ብዬ ሳወራው ሁለት ሳምንት ሰላም አላለኝም። እንኳን ነክቻት!»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

አሁን ቀና አለ። ወገቡን ይዞ፣ ፊቱ ላይ ነጭ ትቢያ እንዳለ አያቸው። እሱም ደክሞታል፤ ድካም ድካምን ያውቃል። «ከባንኩ ጀርባ የመኪና ዕቃ የምትሸጠው ልጅ አለች። የመወልወያ ማሽንም ታከራያለች። ለጀማሪ ነው በሏት። አይርሱ፣ ለጀማሪ። እና ቀስ ብለው፣ አባባ። ቀለም እንጨት አይደለም።»

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ የጎማ ሽታና ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታ ይጋፋሉ። መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶች ከሻካራ እስከ ለስላሳ በቀለም ተለይተው ተደርድረዋል። ባለሱቋ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ የሰው መኪና መብራት እየወለወለች ነበር። «ቀቢ ነዎት?» አለቻቸው።

«አናጢ ነኝ።»

«እንግዲያው ጀማሪ ነዎት።»

ጀማሪ ከተባሉ ስንት ዘመናቸው! ይህች ልጅ ሳትወለድ፣ ምናልባት እናቷም ሳትወለድ፣ አንድ ግልፍተኛ ጌታ «አንተ ጀማሪ» እያለ በመላጊያ እጀታ ጣታቸውን ሲመታቸው ነበር መጨረሻ የሰሙት። ደስ አላላቸውም፤ ግን ትክክል ናት። ሁለት ማሽን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንደኛዋ ከባድ ናት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የምትሾር። «ይቺ ለልምድ ሰው ናት። ለአፍታ ከተዘናጉ ቀለሙን ታሞቅና ትልጠዋለች።» ሁለተኛዋ እየዞረች የምትንቀጠቀጥ ናት። «ይቺ አቅሟ ደከም ያለ ነው፣ ግን ይቅር ባይ ናት። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ይቅር ባይ ነው።» ባለሱቋ ይህን ያለችው ስለ ማሽን ነው፤ አናጢው ግን ልባቸው ውስጥ ሌላ ቦታ ገባባቸው። የኪራይ ዋጋዋን ጠየቁ። ነገረቻቸው። ሳቃቸው መጣ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

«በዚህ ዋጋ እኮ ቁም ሳጥን እሠራልሻለሁ!»

«ቁም ሳጥንስ አለኝ አባባ። በሩ ነው አልዘጋ ያለኝ።»

«ታችኛው ማጠፊያ ነው። ብሎኑ ላልቷል።» ሳያዩ ፈረዱ፤ እንዲህ ላለው ነገር ማየት አያስፈልጋቸውም። በዚሁ ተስማሙ፤ ማሽኗን ለአንድ ቀን በመታወቂያቸው ይወስዳሉ፣ ለኪራዩ ደግሞ አመቺ በሆነ ቀን መጥተው በሩን ያቃናሉ። ስፖንጁን፣ ለስላሳውን ጨርቅና ፖሊሹን ግን በገንዘብ ገዙ። ፖሊሹ ላይ ነው የተከራከሩት። ከሁለት ጠርሙስ ጠብታ ጠብታ ጣታቸው ላይ አስደርገው በአውራ ጣታቸው አሹት። አንዱ ዱቄት ውስጥ የቀረ አሸዋ ያለው ይመስላል፤ ሌላው እንደ ቅባት ይንሸራተታል። «በኛ ሥራ» አሉ «ከሻካራው ነው የሚጀመረው። ሻካራው ይበላል፣ ለስላሳው ያሳምራል።»

«በኛ ሥራ ደግሞ ከለስላሳው ነው» አለች ሻካራውን መልሳ መደርደሪያው ላይ እያስቀመጠች። «ለስላሳው ካወጣው ሻካራው ምን ይሠራል? እንጨት ሲፍቁት ሥሩም እንጨት ነው። ይሄኛው ሲፍቁት ያልቃል። ሻካራውን አልሸጥልዎትም፤ ነገ መጥተው ከኔ ጋር ይጣላሉ።» ከዚያ አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር መረቀችላቸው። ጥላ ውስጥ እንዲሠሩ፣ እንዳይጫኑ፣ መጀመሪያ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ብቻ እንዲሞክሩ ነገረቻቸው። በር ላይ ሲደርሱ ከኋላ ጠራቻቸው። «አባባ! ጠርዙን በፕላስተር ይሸፍኑት። ጠርዝ ላይ ቀለሙ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ጠርዙን አይንኩት።»

ያለችውን አደረጉ። ይህ ይመዝገብላቸው፤ ምክር የማይሰሙ ሰው አይደሉም። መኪናዋን አጥበው በጨርቅ አደረቁ፣ ጥላው እስኪዞር ጠበቁ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከወጥ ቤት በመስኮት አወጡ። የኮፈኑን ዳር፣ የፓራፋንጎውን ዳር፣ የመብራቱን ዙሪያ በፕላስተር ሸፈኑ፤ ፕላስተሩን ቀጥ አድርጎ መለጠፉ የለመዱት ሥራ ነውና እንደ ክር ነበር የሄደላቸው። ስፖንጁ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርገው፣ ማሽኗን ቀለሙ ላይ ካሳረፉ በኋላ አስነሡ። እጃቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠች። ልማዳቸው ክብደታቸውን በላይዋ ሊጥል ይፈልጋል፤ እንዳይጫኑ ራሳቸውን እየተቆጡ፣ መዳፍ በምታህለው ቦታ ላይ በዝግታ ወዲያ ወዲህ አመላለሷት። አጥፍተው በጨርቁ ጠረጉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ ብለው አዩ። የለም። ጭረቱ የለም። በምትኩ የገዛ ፊታቸው፣ ሽበታቸው፣ ከበላያቸው ያለው የልብስ ገመድ ከነመቆንጠጫው ቁልጭ ብሎ ታየ። «ኧረ አንቺ!» አሉ መኪናዋን፣ በግቢው ውስጥ ብቻቸውን። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ ጮክ ብለው የተናገሩት የደስታ ቃል ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀሪው ድካም ነበር። ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ፣ እያንዳንዷን ቦታ እየደጋገሙ፣ ኮፈኑን ሲጨርሱ ወገባቸው አልቃና አለ። ተቀምጠው ደረቅ ዳቦ በቀዘቀዘ ሻይ በሉ። እጃቸው ማሽኗ ጠፍታም መንቀጥቀጡን አልተወም ነበርና ሻዩ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ ቀን ሲውሉ ማታ ጌታቸውን ያሙ ነበር፤ አሁን ጌታም የለም፣ የሚያሙት ዕድሜያቸውን ብቻ ነው። ተነሥተው ፓራፋንጎውን ያዙ። ሊመሽ ገና ነው፤ ልጃቸው ከሥራ ልትመጣ ግን ተቃርቧል፤ ሳትመጣ መጨረስ ፈለጉ። ጨረሱም። ፕላስተሩን አንድ በአንድ ላጡ። መኪናዋ ጥቁር ውሃ መሰለች።

ጉዱ የመጣው ከጨረሱ በኋላ ነው። ፕላስተሩ በነበረበት፣ ከሹፌሩ በር አጠገብ ባለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ፣ ያልተወለወለች ቀጭን ደብዛዛ መስመር ቀርታለች። አናጢ ጠርዝ ትቶ አይሄድም። ዕድሜ ልካቸውን እያንዳንዱን ጠረጴዛ፣ እያንዳንዱን የሕፃን አልጋ ለባለቤቱ ከማስረከባቸው በፊት የመጨረሻው ሥራቸው ጠርዙን ማለስለስ ነበር፤ የሰው እጅ እንዳይቆርጥ፣ ሕፃን እንዳይጋጭበት። ይህን ሳያደርጉ ሥራ አልቋል ብለው አያውቁም። የባለሱቋን ቃል አልረሱትም፤ ቃሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው፣ ልማዱ ግን እጃቸው ውስጥ ነው፣ ማሽኗም ያለችው በእጃቸው ነበር። ጠርዙ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አደረጓት፤ እንደ መሰናበቻ። ሲጠርጉት ጨርቁ ጥቁር ሆነ። ጠርዙ ላይ ደግሞ ጣት የምታህል ግራጫ ወጣች። ከጥቁሩ ሥር ያለው የመነሻ ቀለም ነው። በጨርቅ አሹት፣ በምራቅ አሹት። ግራጫው ግራጫ ነው። ማሽኗን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጧት።

ልጃቸው በሩን ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው መኪናዋን ነው። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ዞረች፣ ኮፈኑ ላይ ፊቷን አየች፣ ሳቀች። «አባዬ! አንተ ነህ?» ሽማግሌው ጠርዙን በጣታቸው አሳዩዋት። ሳቁ ፊቷ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቁጭ አለች፣ እዚያው ደረጃው ላይ፣ ከነሥራ ልብሷ።

«ማሽኑን መልስ» አለች። «እጅህን ታጠብ። ከጋራዥ መስታወት መጥቶ ነው የሠራው እንለዋለን።»

«ለምን እንዋሻለን ልጄ?»

«ሌላ ሰው ቢሠራው ተሳሳተ ይባላል። አንተ ስትሠራው ነው ግድየለሽ የምትባለው።» ጉልበቷን እያየች ነበር የምትናገረው። «አባዬ፣ ደከመኝ እኮ። ጠዋት አንተን ለሱ፣ ማታ እሱን ላንተ ሳስረዳ ደከመኝ። አንድ ማታ ብቻ ምንም ሳላስረዳ ልተኛ።»

እንዲህ ብላ ስታወራ እናቷን መሰለች፣ ድምፅዋ ወደ ውስጥ ሲሄድ። እሺ አሏት። ማሽኗን ጠቅልለው መለሱ። ባለሱቋ መታወቂያቸውን ከመሳቢያ እያወጣች ፊታቸውን አየችና «ጠርዙን ነኩት አይደል?» አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁሉም ሰው አንዴ ይነካዋል አባባ» አለች። ሊያጽናናቸው ይገባ ነበር፤ ግን የሁሉም ሰው አማች ነገ መኪናውን ለሆቴል አያሳይም።

አማቻቸው ብርሃኑ ሳይጠፋ ደረሰ። የግቢውን በር ከፍቶ እንደገባ ቆመ። ቦርሳውን የት እንደጣለው እንኳ አላየም። መኪናዋን ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ በጎን አያት፣ ተመልሶ ዞራት። ሽማግሌው ወጥ ቤቱ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ልጃቸው ከበስተኋላቸው ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ማነው? ማነው የሠራት?»

«መስታወት» አለች ልጅቱ፣ ቢላዋውን ሳታቆም።

«መስታወት! ወይኔ!» ሳቀ፤ ሽማግሌው ሲስቅ ከሰሙት ቆይተዋል። «እጁ ይባረክ! እዩት፣ አባባ፣ እስኪ ይምጡና ይዩት። እጅ ማለት ይሄ ነው። ሰው ተምሮ እንዲህ አይሠራም፣ እንዲህ ያለ እጅ ከማሕፀን ይዘውት የሚወለዱት ነው!» ኮፈኑ ላይ መዳፉን ሳያሳርፍ በአየር ላይ ዳበሰው። ሽማግሌው ዱካው ላይ ሆነው፣ ይህን ምርቃት እንደ ሌባ ሰረቁት። ጠዋት ከመኪናዬ ላይ ያንሱልኝ የተባለው እጅ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ እየሰማ ነበር።

ከዚያ አማችየው የሹፌሩን በር ከፈተ። ግማሽ ሰውነቱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቀረ። ወጣ። ጠርዙን በጥፍሩ ጫረው። ፊቱ ተለወጠ።

«አቃጥሎታል። አያችሁ? ልጦታል! ነገ ለሰው የማሳየውን! ደግሞ ገንዘብ ተቀብሏል አይደል? ስንት ሰጠሽው?» ልጅቱ መክተፏን አቆመች። «ቆይ፣ ጋራዡ ሳይዘጋ አገኘዋለሁ። አለቃው ፊት ነው የማቆመው። እዚህ ሰፈር ሁለተኛ ስፖንጅ አይጨብጥም።» እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ በሩ ሄደ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሽማግሌው ወገቡን ይዞ፣ ፊቱ ትቢያ የለበሰውን ሰው አሰቡ። ልጃቸውን አዩ። እሷ በዓይኗ ዝም በል እያለቻቸው ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፣ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ። ልጃቸው ያን ማታ ምንም ሳታስረዳ እንድትተኛ ከልባቸው ፈልገው ነበር። አልሆነም። ተነሡ።

«መስታወት አልነካትም» አሉ። «እኔ ነኝ።»

አማችየው በሩን እንደያዘ ዞረ። «ምኑን?»

«ጠርዙን።»

«ሌላውንስ?»

«ሌላውንም እኔ ነኝ። ኮፈኑንም፣ ሁሉንም። ጠርዙን ሸፍኜው ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ነው እጄ የሄደው፤ የአናጢ ልማድ ነው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ጠዋት ያልከውን ሰምቻለሁ። ቺፕውዱ ቀጭን ነው፤ ያኔም ነግሬህ ነበር። ነገ ካልተቀበሏት ወደ እህቷ እሄዳለሁ። አንተም አትቸገር፣ እሷንም አታስጨንቃት። የሰው ልጅ ግን በኔ ጥፋት እንጀራው አይቆረጥም።»

ከወጥ ቤት ዘይቱ ሲንጣጣ ይሰማል። አማችየው አንዴ ኮፈኑን፣ አንዴ ጠርዙን፣ አንዴ የሽማግሌውን እጅ ያያል። ቁጣው አፉ ላይ ነው፤ ግን ሊያወጣው ሲል ያ ቀድሞ የወጣው ምርቃት መንገድ ላይ ቆመበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እጅ ማለት ይሄ ነው ብሏል፤ ሚስቱ ሰምታለች፣ ባለ እጁም ሰምቷል። ጆሮው ድረስ ቀላ። የቀላው ስለ ጠርዙ ብቻ እንዳልሆነ ሽማግሌው አዩ፤ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ያለውን አሁን እሱም ራሱ እየሰማው ነበር። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ሞተሩን አስነሣ። ሁለቱም የሚሄድ መስሏቸው ነበር። ግቢው ውስጥ ወደፊት ወደኋላ ብሎ መኪናዋን አዞረና በግራ ጎኗ ግንቡ ጥግ አስጠጋት። በቀኙ በር ወርዶ ራቅ ብሎ አየ። ግራጫው አይታይም፤ የሚታየው ጥቁር ውሃው ብቻ ነው።

«ነገም እንዲህ ግድግዳ አስጠግቼ ነው የማቆማት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ትንሽ ቆይቶ፣ አሁንም ዓይናቸውን ሳያይ፣ «ይቅር በ...» ብሎ ጀመረና ጉሮሮውን ጠረገ። «ራት አልደረሰም እንዴ?»

ራት ላይ ማንኪያ ብቻ ነበር የሚያወራው። ሽማግሌው ቀድመው ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ፣ በሩ ወንበሩን ገፋ፣ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ነገ ሆቴሉ ይቀበላት አይቀበላት አያውቁም፤ ለማወቅም ደክሟቸው ነበር። ልብሳቸውን ይዘው የመጡባት ሻንጣ ከአልጋው ሥር እንዳለች በእግራቸው ጫፍ አረጋገጡ፣ እዚያ ናት። ከግድግዳው ወዲያ ባልና ሚስቱ ሲገቡ፣ አልጋው ሲንቋቋ፣ የአማቻቸው ድምፅ ሲጀምር ሰሙ። «እኔ እኮ...» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብሎ። ከዚያ ቆመ። ሲቀጥል የሚያውቁት ድምፅ አልነበረም፤ ወርዶ፣ ተልጎምጉሞ፣ ከልጃቸው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣ ማጉረምረም ብቻ ነበር። ሽማግሌው ጆሯቸውን ቢያዘነብሉም አንዲት ቃል አልያዙም። ስለ ነገ ይሁን፣ ስለ ሻንጣው ይሁን፣ ስለ ጠርዙ ይሁን አልሰሙም። የሰሙት ድምፁን መቀነሱን ብቻ ነው።

ሳላቸው መጣ። እጃቸው እንደ ልማዱ ትራሱን ሊስብ ተዘረጋና መንገድ ላይ ቆመ። ተዉት። ደረታቸው እስኪለቅ ድረስ፣ ሰው እንደሚስል፣ ሳሉ። ከግድግዳው ማዶ ማጉረምረሙ ተቋረጠ፤ ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ካለቀ በኋላ እንደገና ዝቅ ብሎ ቀጠለ።